ያስወሰድሁበት ሴንጢ

እናንተ ልጆች፣ የከርከሮ አደን ስትሉኝ የሚታወሰኝ አንድ የጥቅምት ጠዋት ነው። ከመካነ ሰላም ቁልቁል ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ በቆሎው ደርሶ ነበርና ከርከሮ ፈጀብን። ቀበሌው ሲፈቅድልን ውሾቻችንንና ጦራችንን ይዘን ተነሳን። ከጎኔ የአጎቴ ልጅ ይመር ነበር፤ ከዐረብ አገር ከተመለሰ ገና ወሩ።

ይመር ይዞት የመጣው ሴንጢ አገሩን አሳበደው። ቁልፉን ሲጫነው ስለቱ ቀጭ ብሎ ይወጣል። የጉምሩኩን ፍተሻ ጫማው ውስጥ ደብቆ ነው ያሳለፈው። ከአባቴ የወረስሁትን ጦር ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ! ሚስቴ ሳትቀር «ስለትስ ይኼ ነው!» አለች። ወላሂ፣ አንጀቴ አረረ። ሰው በስለት ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

በዋዜማው ለሚሊሻው ሹክ አልሁት። ጠዋት መንገድ ላይ ጠብቆ ይመርን ፈተሸው። «ጦርም ገጀራም አልከለከልሁ፤ ይኼን ዓይነቱን ግን ከውጭ ማስገባቱም መያዙም ክልክል ነው» ብሎ ወሰደበት። ይመር በዱላ ብቻ ቀጠለ። እኔማ እያፏጨሁ ወረድሁ።

ጤዛው ላይ ዱካው ትኩስ ነበር፤ የተገለበጠው አፈር ገና አልደረቀም። ውሾቹ ቁጥቋጦው ውስጥ ገብተው ሲጮኹ አንድ አውራ ከርከሮ ፊት ለፊቴ ዱብ አለ። ወረወርሁ፤ ጦሬ ትከሻውን ጭሮ አለፈ። ገፍትሮ ጣለኝና ክራንቻው ጭኔን ቀደደው። ይመር ደርሶ ቢመታው ዱላው ተሰበረ። እጁ ወደ ወገቡ ሮጠ፤ ባዶ ነው። እዚያው ወድቄ አየሁት።

«አብሽር ወንድሜ!» ብሎ በባዶ እጁ የከርከሮውን የኋላ እግር ጨመደደ። ዞረበት። ሌሎቹ ደርሰው በጦር እስኪጥሉት አልለቀቀም፤ የቀኝ እጁ ጅማት ግን ተበጥሷል። እስከ ዛሬ እርፍ አይጨብጥበትም።

ሕጉ ልክ ነው፤ ያ ሴንጢ በገበያ ጠብ መሀል ቢመዘዝ ሰው ይጨርስ ነበር። እኔ ግን ለሕጉ ብዬ አልተናገርሁም። ማሳውን በየዓመቱ የማርስለት እኔ ነኝ፤ ሰው ደግ ይለኛል። በየሠርጉ «በባዶ እጁ ከርከሮ የያዘ!» እያሉ ሲያሞግሱት ደግሞ፣ አትፈሩብኝና፣ ዛሬም ይቆጠቁጠኛል።

አንድ ቀን አብረን ስናርም «ማን ይሆን የጠቆመብኝ?» አለኝ።

«የሚቀናብህ ሰው ነዋ» አልሁት ቀና ሳልል።

ሳቀ። «አንተ እያለህልኝ ምን ያደርገኛል?» አለ።