መኪና የሚቀምሱ ሰው

ባለቤቴ መኪና ይቀምሱ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። አገራችን ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፣ የጉድጓዱም ውሃ ጨውማ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ደጋግሞ ሲፈላ ነጭ ቅርፊት ይጥላል። ያንኑ ቅርፊት ራዲያተር ውስጥ ከጣለ ቧንቧው ይደፈንና መኪናዋ የደብረ ሲናን ዳገት ስትወጣ እንደ ሽሮ ድስት ትንተከተካለች። ስለዚህ ባለቤቴ በክረምት የቆርቆሮ ጣራችንን ውሃ በበርሜል ያጠራቅሙ ነበር፤ ለመኪናዋ ብለው። እኛ ከጉድጓዱ እንጠጣለን፣ እሷ ከሰማይ ትጠጣለች። ጎረቤት «እንግዳ መጥቶብኝ ነው፣ ከበርሜሉ አንድ ጣሳ ብቻ» ሲል «ራዲያተሩስ ምን ይጠጣ?» ብለው ባዶ ጣሳ ያሸከሙትን ሰው ብዛት አላህ ይወቀው።

መቅመሱ ግን የመጨረሻው ነው፤ መጀመሪያ አመዱ ነው። ማታ መኪናዋ ገብታ ሞተሩ ሲበርድ ከምድጃዬ የተነፋ አመድ ከስሯ ይበትናሉ። ጠዋት አመዱ የሆነውን ሁሉ ይናገራል። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ የሞተር ዘይት ነው። ጭቃ ከሆነ ውሃ ነው። ከጎማው ውስጠኛ ጎን ከረጠበ የፍሬን ዘይት ነው፣ ያን ቀን መንገድ የለም። ዶሮዎቼ ደግሞ አመድ ሲያዩ መንከባለል ይወዳሉ፤ ጎህ ሲቀድ የኔ ሥራ ዶሮ ማባረር ነበር። ከዚያ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ መኪናዋ ደልዳላው ላይ እንደቆመች ኮፈኑን ይከፍታሉ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘው በጨርቅ ይጠርጉታል፣ መልሰው ይከቱታል፣ ዳግም ይመዙታል፤ ጫፉ ላይ ያለውን ዘይት በሁለት ጣት እያሹ አሸዋ ይፈልጋሉ። የፍሬኑን ዘይት ያያሉ። የባትሪው ራስ ላይ የበቀለውን ነጭ ዝገት በሙቅ ውሃ ያጥባሉ። በስተመጨረሻ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ጣታቸውን ይነክሩና ምላሳቸው ጫፍ ላይ ያደርጋሉ። ጨው ጨው ካለ አንድ ሰው ዋሽቷል ማለት ነው።

ዋሾው ያው ወንዱ ልጃችን ነበር። ልጅ ሳለ፣ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት፣ ይህን ሁሉ እሱ ይሠራ ነበር፤ አባቱ ከጎኑ ቆመው። የልጆቼን አባት ማማት አልወድም፣ ግን ጨካኝ አስተማሪ ነበሩ። አንድ ጠዋት ልጁ በርሜሉ ድረስ መመላለስ ሰልችቶት ከጉድጓዱ ውሃ ሞላና «የጣራ ነው» አለ። ቀመሱት። ራዲያተሩን ወደ ጣሳ አስቀዱትና «ያጠጣሃትን ጠጣ» አሉት። ዝገት ያለው ቀይ ውሃ ነው። እያለቀሰ ጠጣው፣ እስከ አተላው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዓይኑን በጨርቅ አስረው ዘይቱን በጣቱ እንዲለይ ሲፈትኑት አንጀቴ አልችል ብሎ በጆሮው ሹክ አልኩት። ሰሙኝ። «ጥቆማ ያለበት መልስ ከስህተት ይቆጠራል» አሉና ቺንጋ በሚሉት አሮጌ የሞተር ቀበቶ ጀርባውን ገረፉት። እኔን ምንም አላሉኝም። የኔ ቅጣት ማየቱ ነበር።

ልጅ ያድጋል፣ አባት ያረጃል። የባለቤቴ ዓይን መጀመሪያ ፈዘዘ፣ ኋላም ጨርሶ ጠፋ። ሐኪሙ ዘግይተዋል አላቸው። የመኪናዋን ቁልፍ ለልጃችን ሰጡ። መሪውንም፣ መንገዱንም፣ ሽንኩርትና ማሾ የሚያስጭኑትን ደንበኞችም ሰጡ። አንድ ነገር ብቻ አልሰጡም። ጠዋት ኮፈኑን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው፤ መርምረው «ሂድ» ካላሉ መኪናዋ ከግቢ አትወጣም። ከሾፌርነት ዕድሜያቸው የቀረቻቸው ይህች «ሂድ» ብቻ ነበረች። ለሷ ሲሉ ከሱብሂ ሰላት በኋላ ተመልሰው አይተኙም። ለሷ ሲሉ ይበላሉ። እኔ እንደሆንኩ እግሬ አያርፍም፣ ጥቂት አጣዬ ሴት ልጄ ዘንድ፣ ጥቂት ቀወት እህቴ ዘንድ እላለሁ፤ ስመለስ ሁሌም እዚያው ኮፈኑ ስር አንገታቸውን ቀብረው ነው የማገኛቸው።

ልጁ ግን ከቀን ወደ ቀን እየጨሰ ነበር። ጺም አውጥቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ሰው ፊት የአባቱን ፈቃድ ቆሞ መጠበቅ ከበደው።

የሆነው የሆነው አጣዬ ልጄ ቤቷን እንደገና ስታሠራ ሳግዛት ቆይቼ በተመለስኩ ሰሞን ነው። መኪናዋ ሽንኩርት ተጭናለች። የሽንኩርቷ ባለቤት፣ ምላሷ እንደ ሽንኩርቷ የሚያቃጥል ነጋዴ፣ የተረፈ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ጫኞቹ አጥሩን ተደግፈዋል። እኔ በረንዳው ላይ ማሾ እለቅማለሁ። ባለቤቴ የዘይቱን ዘንግ እየጠረጉ ነው።

«ጋሼ» አለች ነጋዴዋ፣ «ይችን መኪና እየመረመሯት ነው ወይስ ኒካህ ሊያስሩላት?»

ጫኞቹ ሳቁ።

«ኒካህማ ድሮ ታስሯል» አሉ አንገታቸውን ሳያነሱ። «አሁን የምጠብቃት ፍቺ እንዳትጠይቀኝ ነው።»

«ፀሐይ ከወጣች ሽንኩርቴም ፍቺ ይጠይቃል። ኧረ አንተ፣ ባለመኪናው ማነው? ካንተ ጋር ልነጋገር ከአባትህ?»

ይህችን ለልጄ ነው ያለችው። ልጄ ፊቱ ጠቆረ። «ዛሬ ይለይለታል፣ እትዬ» አላትና ወደ ቤት ገባ። ሲወጣ ከመደርደሪያዬ ሦስት የሻይ ብርጭቆ ይዟል። ከመኪናዋ ኋላ ዞሮ አጎነበሰ፣ ጣሳና ጠርሙስ መሃል ሲንጎዳጎድ ቆየ፣ ብርጭቆዎቹን አምጥቶ በረንዳው ጠርዝ ላይ ደረደራቸው።

«አባ» አለ፣ «እርስዎ እኔን ዓይኔን አስረው ይፈትኑኝ ነበር። ዛሬ ደግሞ እኔ ልፈትንዎ። ማሰሪያ አያስፈልግም፤ አላህ አስሮልኛል።»

ከጫኞቹ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

«ሦስቱንም ከለዩ ኮፈኑ የእርስዎ ነው፣ ጀናዛዎ እስኪወጣ ድረስ አፌን አልከፍትም። አንዷን ከሳቱ ግን ከነገ ጀምሮ እዚች መኪና አጠገብ እንዳላይዎት።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ወላሂ፣ ደስ አላቸው። ፊታቸው እንደ ጎረምሳ ፊት በራ። ልጃቸው በስንት ዘመኑ ሊጫወታቸው የመጣ መሰላቸው።

«ሕጉስ?» አሉ።

«ሕጉ የራስዎ ሕግ ነው።»

«ጥቆማ የለም?»

«ጥቆማ የለም።»

«አምጣ።»

የመጀመሪያውን ነከሩ፣ አሹት። «የተቃጠለ የሞተር ዘይት። መቀየር ከነበረበት ብዙ መንገድ አልፎ የተነዳ» አሉ። ጫኞቹ በልጁ ሳቁበት። ሁለተኛውን ነከሩ። «ቀጭን ነው፣ ያንሸራትታል፣ የፍሬን ዘይት ነው። ከጣትህ ጥረገው እንጂ የመኪናዋ ቀለም ላይ እንዳታስነካው፣ ይልጠዋል።»

«ኧረ አንተ ልጅ» አለች ነጋዴዋ፣ አሁን ወደሳቸው አድልታ፣ «አባትህ ሊያባርሩህ ነው። የኔን ሽንኩርት ራሳቸው ነድተው ሊያደርሱልኝ ነው።»

ልጄ ሦስተኛውን ብርጭቆ በሁለት እጁ ለእንግዳ እንደሚያቀርብ ሰው አቀረበላቸው። ውስጡ ያለው ጥርት ያለ ነው። ባለቤቴ ነከሩ፣ አሹ፣ አሸተቱ።

«ውሃ ነው» አሉ።

«የቱ ውሃ?» አለ ልጄ። ድምፁ ለስላሳ ነው። «የጉድጓድ ነው የጣራ?»

ይህን ለመለየት አንድ መንገድ ብቻ ነው ያላቸው፣ ልጄም ያንን መንገድ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያየው ኖሯል። ባለቤቴ ጣታቸውን አነሱ። ከጣታቸው አንድ ጠብታ ወርዳ የበረንዳው ሲሚንቶ ላይ አረፈች፤ አረፋ አውጥታ ስትፈላ አየኋት። እኔ በጠርሙስ ላይ የተጻፈ ነገር ማንበብ አልችልም፤ ሲሚንቶ ላይ የሚፈላውን ግን ለይቼ አውቃለሁ፣ የስንት ዓመት ሸሚዛቸውን አጥቤያለሁ፣ የስንቱን ቀዳዳ ደፍኛለሁ። የባትሪ አሲድ ነው።

«አይቅመሱት» አልኩ። «አሲድ ነው።»

ጣታቸው ከንፈራቸው ጋ ደርሳ ቆመች።

«ጥቆማ» አለ ልጄ። ጮክ ብሎ አልነበረም። የሚጠብቀውን እንዳገኘ ሰው ነው ያለው።

«የአባትህን ምላስ ልታቃጥል?» አልኩት።

«ቅመሱ አልኳቸው? የቱ ውሃ ነው ነው ያልኩት። እኔ ያንን የዝገት ውሃ ስጠጣ ምላስ አልነበረኝም፣ እማ? ያኔ ይህን ያህል ድምፅ ነበረሽ?»

አልነበረኝም።

ነጋዴዋ ከጆንያዋ ተነስታ ነበር። «ኧረ ይሄማ አይቆጠርም» አለች። «ሚስት ናት፣ ዝም ብላ ታይ? ተው አንተ ልጅ፣ የጠዋት ፀሐይ ትፈርድብሃለች። ጋሼ፣ አይቆጠርም ይበሉት።»

«ይቆጠራል» አሉ ባለቤቴ።

ነጋዴዋ ጆንያዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ሕጉ የኔ ነው፣ ይቆጠራል» አሉ እንደገና። ትከሻቸው ላይ የነበረውን ጨርቅ አወረዱ፣ ልጁ የቆመበትን በድምፁ ፈልገው ዘረጉለት። ልጄ ተቀበላቸው። የሚያፍር መስሎኝ ዓይን ዓይኑን አየሁት፤ ጨርቁን ኪሱ ከተተና ኮፈኑን ዘጋ። የዘይቱ ዘንግ በደንብ መግባቱን እንኳ አላየም። መሪው ላይ ወጥቶ ሞተሩን ካስነሳ በኋላ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«ሂድ አይሉኝም፣ አባ?»

ባለቤቴ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ፣ ከንፈራቸውም ተንቀሳቀሰ። ሊሉት ነበር እኮ። ከዚያ ሁሉ በኋላም ሊሉት ነበር። ልጁ ግን አልጠበቀም፣ መኪናዋን ወደ በሩ አዞራት። ጫኞቹ ሮጠው ተንጠለጠሉ። ነጋዴዋ ከፊት ስትገባ ዞር ብላ አየችን፤ ሽንኩርቷ ግን ሽንኩርት ነው፣ መሄድ አለባት።

እጃቸውን ይዤ በውሃ አለቀለቅኩት። ጣታቸው መቅላት ጀምሮ ነበር። ደጋግሜ አፈሰስኩበት። ስጨርስ እጃቸውን ከእጄ ነጠቁኝ።

«ምላስ ቢቃጠል ይድናል» አሉኝ። «አንቺ ያቃጠልሽውን ማን ያድነዋል?»

አብረን ስንኖር ከአፋቸው ብዙ ክፉ ቃል ሰምቻለሁ፣ እንዲህ ያለውን ግን አልሰማሁም። ዛሬም ያቺ ጠብታ ፊቴ ብትፈላ ዝም አልልም። እሳቸውም ዛሬ ድረስ ይቅር አላሉኝም። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ አንዱን አያጠፋውም።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ሰገዱና አልጋው ጫፍ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አድርገው ተቀመጡ። ውጭ ጫኞቹ ጆንያ ሲወረውሩ ይሰማል። ልጄ ኮፈኑን ሲከፍት አልሰማሁም፤ እሳቸውም አልሰሙም መሰለኝ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ቆዩና ደፉት። ከዚያ የቀኝ እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ። በአውራ ጣታቸው ላይ ሆን ብለው ያሳደጓት አንዲት ረጅም ጥፍር ነበረቻቸው። የሞተሩ ቺንጋ ተሰንጥቆ እንደሆን ቀስ አድርገው እየዳበሱ ስንጥቁን የሚፈልጉባት ናት። ሌላውን ጥፍር ስቆርጥ እሷን እንድነካት አይፈቅዱልኝም ነበር።

«ቁረጫት» አሉኝ።

ምላጭ አምጥቼ ጫፏን ቆረጥኩ።

«አሳጥሪያት።»

«ሥጋው ጋ ደርሻለሁ።»

«አሳጥሪያት አልኩሽ።»

መኪናዋ ተነሳች። በሩን አልፋ፣ አስፋልቱን ይዛ፣ ወደ ደብረ ሲና ዞረች። ድምፅዋ እስኪጠፋ ድረስ እጃቸው እጄ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ቆየ። እኔም ያሉኝን አደረግኩ።