የመምህር ዘይኑ መሣሪያ ለምን ቻርጅ እንዳልያዘ

አንባቢዎች አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። እኔ አሻ የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ካርባ ዓመቴ በኋላ ነው፣ እሱም በማታ ትምህርት። አሁንም አንዱን መስመር ጽፌ ሌላውን እስክጀምር እጄን ያልበኛል። ለመጽሔታችን ስለምታውቁት አንድ ሰው ጻፉ ሲባል ለመምህራን የተባለ እንጂ ለእኔ አልመሰለኝም ነበር። ግን ስለ መምህር ዘይኑ እኔ የማውቀውን ሌላ ሰው አያውቀውም። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ነው።

መምህር ዘይኑ የጨፋ ሮቢት ልጅ ነው። ዓይኑ የጠፋው በሰባት ዓመቱ፣ በኩፍኝ ነው። እንዲያም ሆኖ ኮሌጅ ጨርሶ እዚህ ከሚሴ አራተኛ ክፍልን አማርኛ ያስተምራል። የሚኖረው በእኔ ግቢ፣ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ማሽላ ያስቀምጥባት በነበረችው ክፍል ነው። ትምህርት ቤት «እርስዎ» እለዋለሁ። ግቢ ስንገባ ግን እናቴን ታክያለሽ፣ አንተ በይኝ ስላለኝ አንተ ነው የምለው።

የሚናገር መሣሪያ አለው፣ መዳፍ የምታህል። የተጻፈውን በሴት ድምፅ ታነብለታለች። ተማሪዎቹ «ሴትዮዋ» ይሏታል። ሴትዮዋ ታነባለች፣ እሱ ያስረዳል፣ ልጆቹ ይጽፋሉ። እንዲህ ሆኖ ደህና ሲሄድ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ሴትዮዋ ትምህርት መሀል ዝም ትል ጀመር። ማታ ቻርጅ ላይ ይሰካታል፣ ጠዋት «አሥር በመቶ» ትለዋለች። ክፍል ውስጥ ጠፍታበት ልጆቹ ሲስቁ በመስኮት ሰምቻለሁ።

ሚኒባስ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግነው ጌዲዮን ዘንድ ወሰዳት። ጌዲዮን ገመዱን ቀየረ፣ ሞላት፣ ቀኑን ሙሉ ሠራች። ቤት አድራ ስትመጣ ደግሞ ባዶ። ሁለተኛም እንደዚያው ሆነ። ጌዲዮን ባትሪው ደህና ነው፣ ሴትዮዋ ካንተ ጋር ማደር አልፈለገችም ብሎ ቀለደበት። ርዕሰ መምህሩ ግን አልቀለዱም። ሰኞ ተቆጣጣሪ ከወረዳ ትመጣለች፣ ያን ቀን መሣሪያዋ ከጠፋች ክፍሉን ለሌላ መምህር እሰጣለሁ፣ አንተ ቤተ መጻሕፍት ትቀመጣለህ አሉት። ማታውን እራቱን ሳይበላ ቀረ።

እሑድ ጠዋት በረንዳ ላይ መሣሪያዋን ይዞ ተቀምጦ ጠራኝ።

«እትዬ አሻ፣ ሌሊቱን ኮረንቲ ሄዶ ነበር?»

አልሄደም፣ ፍሪጄ ሲያጉረመርም ነው ያደረ አልኩት። እሱም በጆሮው የያዘውን ነገረኝ። ኮረንቲ ሲገባባት ጢጥ ትላለች፣ ሲነቀልባትም ጢጥ ትላለች። ማታ ሲሰካት ብላለች። ጠዋት ሲነቅላት ግን ምንም አላለችም።

«እኔ ሳልነቅላት ኮረንቲው ቀድሞ ተቋርጧል ማለት ነው። ባትሪውም ገመዱም አይደለም። እዚሁ ክፍሌ ውስጥ ነው ነገሩ» አለኝ።

ያኔ ገባኝ። የክፍሏ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ከውጭ፣ በረንዳው ላይ ነው፤ ባለቤቴ ነው እንደዚያ ያደረገው። ሶኬቱም መስመሩን የወሰደው ከአምፖሉ ስለሆነ አብሮ ይጠፋል። መግሪብ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ቤት ጨለማ አይሁን ብዬ ሁልጊዜ አበራለታለሁ። ድሮ እስኪነጋ ይበራ ነበር። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን፣ እሱ ሴትዮዋን ሰክቶ ወደ መስጊድ ሲወጣ ከኋላው አጠፋለሁ። ለማን ይበራል ብዬ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

እስከ አስር ሰላት፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ጸሎት ድረስ፣ አልነገርኩትም። የጠረግኩትን ግቢ ደግሜ ጠረግኩ። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ሄጄ፣

«ዘይኑ፣ የማጠፋው እኔ ነኝ። አምፖሉን። አንተ አታየውም ብዬ» አልኩት።

መሣሪያዋን ጭኑ ላይ አስቀመጣት። ስለ መሣሪያው የሚናገር መስሎኝ ነበር።

«ሰልማንም ጨለማ እያየ ነው የሚመለሰው?» አለኝ።

ሰልማን ጓደኛው ነው፣ ከኢሻ፣ ከማታው ሰላት፣ በኋላ እየመጣ ያጫውተው ነበር። ከበር ላይ ቆሞ፣ ክፍሏን አይቶ ሲመለስ ሁለት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። አዎ አልኩት።

«እኔ እኮ ትቶኛል ብዬ ነበር። ምን አድርጌው ይሆን እያልኩ።»

አፉ በለኝ አልኩት። «በእኔ በኩል አፉ። የሴትዮዋን ነገ ጠዋት እንሰማለን» አለና ትንሽ ሳቀ።

የዚያን ዕለት መብራቱ በራ። ሰልማንም ከኢሻ ሲወጣ ብርሃኑን አይቶ ገባ፤ ዘይኑን ከየት አገር ተመለስክ እያለ ይቀልድበት ነበር።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ከውስጥ ጢጥ የሚል ተሰማ፣ ቀጥሎ ሴትዮዋ «መቶ በመቶ» አለች። ዘይኑ በሩን ከፍቶ፣ «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ እትዬ አሻ። አፉ ብላሻለች» አለኝ። ወደ ማጥፊያው እጁን እንድመራው ጠየቀኝ። በጣቱ ዳስሶ፣ ወደ ላይ ሲሆን እንደሚበራ አረጋግጦ፣ ማንም እንዳይነካው በፕላስተር ለጠፈው። ከዚያ ቀድሞኝ ወጣ።

እኔም ትምህርት ቤት በክፍሉ መስኮት ስር ያለውን ቦታ ስጠርግ ቆየሁ። ተቆጣጣሪዋ ከኋላ ተቀምጣለች፣ ርዕሰ መምህሩም አሉ። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ አነበበች። ዘይኑ ራሱ በአውራ ጣቱ ተጭኖ አጠፋትና ልጆቹን ደብተር አውጡ አላቸው።