በሦስት ድንጋይ የሚያልቅ ተረት

ጭሮ ውስጥ ልጅ ሳለሁ ለእኔ ዓረፋ የሚጀምረው በጉ ሲገዛ ሳይሆን አያቴ ቢላዋ ሊስሉ ሲቀመጡ ነበር። አካኮ ነበር የምንላቸው። በዋዜማው፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ፣ መጀመሪያ በጉን ጓሮ ያሳስራሉ፤ በጉ እያየ ቢላዋ መሳል ነውር ነው፣ በዶለዶመ ቢላዋ ማሰቃየትም ሐራም ነው ይሉ ነበር። ከዚያ ከከሰሉ ፍም አጠገብ ፋኖስ አስለኩሰው ሦስት ድንጋዮቻቸውን ይደረድራሉ፤ ሻካራውን፣ ለዘብ ያለውን፣ በመጨረሻም ከወንዝ ያመጡትን ልሙጡን።

በየዓመቱ የሚያመጡት አዲስ የጅብ ተረትም በድንጋዮቹ ልክ ነበር። ሻካራው ላይ ጅቡ ከዋሻው ይወጣል፤ ሁለተኛው ላይ መከራ ይገጥመዋል፤ መጨረሻውን ግን ልሙጡ ድንጋይ ላይ ካልደረሱ ብናለቅስም አይነግሩንም። «አካኮ፣ ቶሎ ይበሉ!» ስንላቸው «ሱታ፣ ሱታ! ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ብለው ድንጋዩ ላይ ውሃ ጠብ ያደርጋሉ። ያኔ ቀስታቸው ያናድደኝ ነበር።

አንድ ዓመት እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አጎቴ «አባዬ፣ ዘንድሮስ ይቅርብዎ፤ እኔ ልረድ» አላቸው። አካኮ እልኸኛ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የቤታቸውን ኡድሂያ፣ የዓረፋውን እርድ፣ ያረዱት ራሳቸው ናቸው። «እኔ እያለሁ?» ብለው ድንጋያቸው ፊት ተቀመጡ። ሁለቱን ድንጋዮች እንደምንም ተወጧቸው። ልሙጡ ላይ ሲደርሱ ግን ቢላዋው እየተንሸራተተ ድንጋዩን ይቧጭር ጀመር፤ ተረቱም ቆመ። የጅቡ ነገር ከነጭራሹ ጠፍቶኝ እጃቸውን ብቻ አይ ነበር።

በመጨረሻ ቢላዋውን በእጀታው በኩል ሰጡኝ።

«ነይ ልጄ፣ አንቺ እሱን ያዢ፤ እኔ ተረቱን ልያዝ።»

እሳቸው እየተረቱ፣ በመሃል የቢላዋውን ድምፅ አዳምጠው «ጋደም አድርጊው… እንደሱ» እያሉኝ ጨረስኩት።

ጠዋት ከኢድ ሰላት ሲመለሱ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ቢላዋውን ለአጎቴ ሰጡት። «ቢስሚላህ በል። እጄ ነው እንጂ የደከመው፣ ቢላዬ አልደከመም» አሉት። አጎቴ የፈለገውን ነገር አግኝቶም መቀበል ከበደው፤ እጃቸውን ስሞ ተቀበለ።

ዛሬ ሂርና ነው የምኖረው። የዓረፋ ዋዜማ ቢላዋ ስስል ልጆቼ ከበው የዚያን ዓመት ተረት ይጠይቁኛል፤ መጨረሻውን ግን አላውቀውም። ያን ምሽት ሐሳቤ ሁሉ ስለቱ ላይ ስለነበር ከአካኮ ቃል አንዱም አልቀረልኝ። ለካ የሚስል ሰው ተረት አይሰማም፤ እሳቸው ያን ሁሉ ዓመት ሁለቱን እንዴት አብረው እንደያዙልን እንጃ።