አባ ዳማ ማን ነው?

የተያዝኩት ላምበረት፣ የታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ ነው። በዚያ ሰሞን ከተማው ሰላም አልነበረም። ፖሊሶች መንገድ ላይ ወጣቶችን እያስቆሙ ስልክ ያስከፍቱ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ስልኬን ሳልጠየቅ ከፍቼ ሰጠሁ፤ የተማሪ መታወቂያዬንም አብሬ አወጣሁ። የምደብቀው ነገር እንደሌለኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

ፖሊሱ ስልኬ ላይ ለራሴ የጻፍኩትን ማስታወሻ አገኘና ጮክ ብሎ አነበበው።

«እሁድ ማለዳ አምስቱም በላምበረት በኩል ይወጣሉ። አባ ዳማ ይመራሉ። ግራጫው ከኋላ። ቦራዋ ገና አልተገራችም፤ ሰው ከበዛ ትደነግጣለች።»

አንብቦ ሲጨርስ ባልደረባውን በእጁ ጠራው።

«ስለ ፈረሶች ነው» አልኩ።

«ጎበዝ» አለኝ። «ና፣ እዚያ ቁጭ ብለህ ስለ ፈረሶቹ ታጫውተናለህ።»

ወደ ክፍሉ ስገባ ከሰዎቹ በፊት ያገኘኝ ሽታው ነው፤ የረጠበ ብርድ ልብስ፣ የላብ፣ የበረኪና። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሰዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው፣ እግራቸውን ወደ መሃል ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከፍ ብላ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ ወደ ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ክዳኗ ይርገበገባል። የምቀመጥበት ቦታ አሳዩኝ። አልተቀመጥኩም። በሩ አጠገብ ባለችው ባዶ ቦታ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመርኩ።

ነገሩ ቀላል ነበር። ከሲኤምሲ ጀርባ ባለ አንድ ጋጣ ቅዳሜና እሁድ እሠራለሁ። ፋንድያ እጠርጋለሁ፣ ጋማ አበጥራለሁ፣ ግልቢያ ሊማሩ የሚመጡ ሕፃናትን ፈረስ ላይ አስቀምጬ በልጓም እየሳብኩ አዞራለሁ። የእንስሳት ሕክምና መማር የፈለግኩት በፈረስ ምክንያት ነው፤ የደብተሮቼ ጠርዝ ሁሉ ፈረስ ተስሎበታል። እሁድ እሁድ፣ መኪና ሳይበዛ፣ አምስቱን ፈረሶች በላምበረት በኩል ሣር ወዳለበት ሜዳ እናወጣቸዋለን። በጋጣው ደግሞ ማንም በስሙ አይጠራም። የድሮ ሹማምንት በፈረሳቸው ስም «አባ እገሌ» እንደሚባሉት፣ እኛም በምንይዘው ፈረስ እንጠራራለን። ዳማውን ፈረስ የሚይዙት ሽማግሌ አባ ዳማ ናቸው። ግንባሯ ነጭ የሆነችውን ባዝራ፣ ቦራዋን፣ የምይዘው እኔ አባ ቦራ ነኝ። ቀልድ ሆኖ ተጀመረ፤ ከዚያ ለመደብን።

በማግስቱ ጠዋት ይህን ሁሉ ለመርማሪው በቅደም ተከተል አስረዳሁት። በዕድሜ አባቴን የሚያህል፣ ሹራብ የለበሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

«ጥሩ» አለ። «ፈረሶች ከሆኑ ጋጣው በትክክል የት እንደሆነ ንገረኝ። አባ ዳማ ሰው ከሆነ ደግሞ ስሙን ንገረኝ።»

«እሳቸው ሽማግሌ ናቸው። ስልክ እንኳ የላቸውም።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሃል? ለማጣራት ብቻ ነው። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። ተማሪ ነህ አይደል? ጥያቄው እኮ ቀላል ነው።»

እውነትም ቀላል ነበር። ስማቸው አፌ ላይ ደርሷል። በተማርኩበት ዘመን ሁሉ አንድም ጥያቄ ባዶ ትቼ አላውቅም፤ ያላወቅኩትን እንኳ ገምቼ እጽፋለሁ። አንድ ትልቅ ሰው በትዕግሥት ሲጠይቀኝ ዝም ማለት እንደ ብልግና ይሰማኛል። አፌን ከፈትኩ። በዚህ መሃል የመርማሪው ስልክ ጮኸ። እያናገረ በእጁ ወደ በሩ አመለከተኝ፤ «ከሰዓት እጠራሃለሁ፣ አስብበት» አለኝ።

ክፍሉ ስመለስ እግሬ አሁንም አላርፍ አለ።

«አንተ ልጅ!» አለ አንድ ወጣት ከጥግ። ላምበረት ላይ የሚኒባስ ወያላ ነው። «ወይ ተሳፈር፣ ወይ ውረድ! በር ላይ አትመላለስብን።»

ሰዎቹ ሳቁ። የክፍሉ ካቦ፣ ሾላ ገበያ በርበሬ የሚሸጥ ወፍራም ሰው፣ አጠገቡ ያለውን ቦታ በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረገልኝ። «ና እዚህ። የሰው እግር ከምትረግጥ ምን እንዳሉህ ንገረን።»

ነገርኳቸው። ወያላው በሳቅ ሊሞት ደረሰ።

«ቦራዋን ፈልገው ሲኤምሲን ሊበረብሩ ነው በለኛ! እንዴ፣ ቆይ፣ እኔ ታዲያ ያለ ፈረስ ልታሰር? ለኔም ስጠኝ እንጂ!»

ጣቴን ከውሃ ጠርሙሱ አርጥቤ ሲሚንቶው ላይ ሣልኩለት። መጀመሪያ እንደለመድኩት ከራሱ ጀመርኩ። ሆዱ ላይ ስደርስ ጆሮው ደረቀ፤ ጅራቱ ላይ ስደርስ አንገቱም አልነበረም። በሁለተኛው ከእግሩ ጀመርኩና ፈጠን አልኩ። ሙሉ ፈረስ ሆኖ ትንሽ ቆየ።

«መጋላ ፈረስ ነው» አልኩት። «አባ መጋላ ነህ።»

«አባ መጋላ!» አለና ደረቱን መታ። «ሁለት ሰው የቀረው አባ መጋላ!»

ለካቦው ቡላ ፈረስ ሣልኩለት።

«ሆዱን ምነው አሰፋኸው?»

«ገብስ የጠገበ ነው።»

«እኔ እዚህ ገብስ አልጠገብኩም፤ ቀንሰው!»

ከመስኮቷ ሥር አንድ ሰው አልሳቁም። የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው የቆለፉ፣ የመንግሥት ቢሮ ሠራተኛ ናቸው። ከገባሁ ጀምሮ ሲናገሩ አልሰማሁም። ሳቁ ሲበርድ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ የሽማግሌውን ስም ታውቃለህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ቤታቸውንስ?»

«ጋጣው ውስጥ ነው የሚኖሩት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔን እዚህ ያመጣኝ ስም ነው» አሉ። «የቢሮ ባልደረባዬ ነው ስሜን የጠራው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆቼን ክርስትና አንስቷል። ‹ለማጣራት ብቻ ነው› ብለውት ነው።»

«ከገቡ ቆዩ?»

«እያጣሩ ነው» አሉና ፈገግ አሉ። ምክርም አልሰጡኝም።

ተነስቼ እንደገና መመላለስ ጀመርኩ። ይህን ጊዜ ወያላው እንኳ አልተናገረኝም። አባ ዳማ እዚህ ሲሚንቶ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ሲቀመጡ ታየኝ። ጉልበታቸው ይታመማል፤ የሚነሱት የዳማውን አንገት ይዘው ነው። ፈረሶቹም ታዩኝ። እሳቸው አንድ ቀን ከሌሉ በሩን የሚከፍትላቸው፣ ውሃ የሚቀዳላቸው የለም። ቦራዋ ደግሞ ከእሳቸውና ከእኔ እጅ በቀር አትቀበልም። በሌላ በኩል ስሙን ከተናገርኩ ዛሬ ማታ አልጋዬ ላይ ነኝ። የሴሚስተሩ ፈተና ቀርቧል። መርማሪው የዋሸኝ አይመስልም ነበር፤ ያስቸገረኝም ይኸው ነው። ለማጣራት ብቻ ሊሆን ይችላል። የሸሚዛቸውን ቁልፍ የቆለፉትን ሰውዬ አየሁ። ወለሉን ደግሞ አየሁ። እዚያው ዞርኩ።

«ለኔስ ፈረስ የለም?» አሉኝ ሰውዬው።

«ምን ዓይነት ልሣልልዎት?»

«የፈለግከውን። ብቻ የቆመ አይሁን።»

አጠገባቸው ተንበርክኬ ጣቴን አረጠብኩ። የሚጋልብ ፈረስ ከቆመው ይከብዳል። የፊት እግሮቹን ዘርግቼ የኋላዎቹን ስጀምር በሩ ተከፈተና ስሜ ተጠራ።

መርማሪው ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። «ጻፍ» አለ። «ስምና ቦታ። ሌላ አልፈልግም።» ራሱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆመ።

እስክሪብቶውን አነሳሁ። ከእግር ጀመርኩ። ወረቀት አይደርቅም፤ ግን ፈጠን አልኩ። ዳማውን እየጋለበ ሣልኩት፤ በግራ የሚወድቀውን ጋማውን፣ የተቆረጠ ጆሮውን፣ ኮርቻ የላጠውን ጀርባውን ሁሉ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እሱ አዙሬ እስክሪብቶውን በጥንቃቄ ከጎኑ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዳማው ነው ጌታዬ። ፈረስ መሆናቸውን እንዲያምኑኝ ብዬ ነው።»

«ስሙስ?»

«እሱን አልጽፍም።»

«ይቅርታ» ብዬ ጨመርኩበት።

ወረቀቱን አነሳ። የሚቆጣ መስሎኝ ጠበቅኩ። ነገር ግን ሥዕሉን ከሚያስፈልገው በላይ ቆየበት።

«የኋላ እግሩ ልክ አይደለም» አለ። «ሲጋልብ ሁለቱን አንድ ላይ አያሳርፍም። አንዱ ይቀድማል።»

ወረቀቱን ለሁለት፣ ከዚያም ለአራት ቀደደው።

«ውሰዱት» አለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቆየሁ። ፈተናው አለፈ፤ ክረምቱም ገባ። ስለ አባ ዳማ ሁለተኛ የጠየቀኝ የለም። ካቦው ተፈታ፣ ሌላ ካቦ ሆነ። ወያላው ወጣ። አንድ ጠዋት እኔም ዕቃህን ይዘህ ውጣ ተባልኩ። ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ ስገባም እንዳልነገሩኝ።

ዕቃ የሚባል ብዙ አልነበረኝም። ጠባቂው በሩን ይዞ «ቶሎ በል» ሲለኝ ጣቴን አርጥቤ ከመስኮቷ ሥር ተንበረከክኩ። ሰውዬው እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። ያን ቀን ሳልጨርስ የተውኩትን ፈረስ ሣልኩላቸው፤ የኋላ እግሮቹን አንዱን አስቀድሜ፣ አንዱን አስከትዬ። አሁን እውነትም የሚጋልብ መሰለ።

«አባ ማን ልባል?» አሉኝ።

«እርስዎ ይምረጡ ጋሼ።»

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ሥዕሉ ገና አልደረቀም ነበር። ምን ብለው እንደሰየሙት አላወቅኩም።

ዘንድሮም አንደኛ ዓመት ነኝ። የክፍል ጓደኞቼ አልፈውኛል። ላምበረት ላይ ታክሲ ስጠብቅ አንዳንዴ ከሚኒባስ በር የተንጠለጠለ ሰው «አባ ቦራ! ግባ!» ብሎ ይጮኻል፤ ተሳፋሪው ዞሮ ያየኛል። ሒሳብ ስሰጠው አይቀበለኝም። አሁንም ክፍል ውስጥ ብዙ ሰዓት መቀመጥ ያቅተኛል፤ መምህራኑን ይቅርታ እየጠየቅኩ ወደ ኋላ ሄጄ እቆማለሁ።

አባ ዳማ የሆነውን አያውቁም። ቤተሰቦቼ ፈርተው «ፈተና ላይ ነው» ብለዋቸው ነበር። ወደ ጋጣው የተመለስኩ ቀን የዳማውን አንገት ይዘው ተነሱና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ከሳህ» አሉኝ። «ፈተናው ከበደ?»

«አንድ ጥያቄ ባዶ ትቻለሁ።»

«አንዷ ምን አላት» አሉ። «በል ውሃ ቅዳ፤ ቦራዋ ከኔ እጅ መጠጣት ሰልችቷታል።»