የአሚ ጢጃኒ ሁለተኛ ምስል

አሚ ጢጃኒ እንላቸው ነበር፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው። ስፋክስ ከተማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የኤምአርአይ መሣሪያ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ያውም በስድብ። አንቺን ከማስተማር የወይራ ግንድ ማስተማር ይቀላል ይሉኝ ነበር።

በየማለዳው ለሙከራ ሁለት ጠርሙስ መሣሪያው ውስጥ ያስገባሉ፤ በአንዱ ከገዛ የወይራ ዛፎቻቸው የተጨመቀ ዘይት፣ በሌላው የቧንቧ ውኃ። መሣሪያው ሰውነትን ይቀሰቅሳል፣ ሰውነትም ይመልሳል። ምስሉን የሚለውጠው በየስንት ጊዜው እንደምንቀሰቅሰውና መልሱን ለማዳመጥ ምን ያህል እንደምንቆይ ነው። ቸኩለን ካዳመጥን ዘይቱ ያበራል፣ ውኃው ይጨልማል። ከቆየን ደግሞ ውኃው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጠርሙሶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ይኼ ነገር ዛሬም ያስፈራኛል፤ በአንዱ ምስል የሌለ ነገር፣ በሌላው እዚያው ቦታ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

አንድ ደንብ ነበራቸው። ክፉ ነገር ብናይም ባናይም ለታማሚ ትንፍሽ አንልም፤ ምስሉ ጥሩ ወጥቷል፣ ሐኪሙ ይነግርዎታል ብለን እንሸኛለን።

መሣሪያው በተጠገነ ቁጥር ከታማሚ በፊት የሚተኙበት እሳቸው ነበሩ። እኔ የጭንቅላታቸውን ምስል አነሳለሁ። በየመሀሉ ከውስጥ ሆነው ምን አለበት ብለው ይጠይቁኛል፣ ባዶ ነው እላቸዋለሁ፣ ይስቃሉ። ዓመታት እንዲህ ቀለድን።

አንድ የመጋቢት ጠዋት መሣሪያው ተጠግኖ እንደ ልማዳቸው ተኙበት፤ ቸኩለን የምናዳምጥበት የመጀመሪያው ምስል ንጹሕ ነበር። ቆይተን የምናዳምጥበት ሁለተኛው መጣ። በግራ በኩል፣ ውኃ ሊኖር በማይገባው ቦታ፣ ለውዝ የምታህል ነጭ ነገር ተቀምጣለች። የመጀመሪያውን መልሼ አየሁ፤ የለችም። ሁለተኛውን አየሁ፤ አለች።

"እህ፣ ሱንዱስ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ምን አለ?" አሉ በድምፅ ማጉያው።

ባዶ ነው ልል ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።

"ምስሉ ጥሩ ወጥቷል፣ አሚ" አልኩ። "ሐኪሙ ይነግርዎታል።"

የመሣሪያው ማቀዝቀዣ ፓምፕ ብቻ ጭው፣ ጭው ይላል።

"ሁለተኛው ላይ ነው?"

"አዎ።"

"ሦስተኛውን አንሺ እንግዲህ፣ ልጄ። አልነቃነቅም።"

ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። መሣሪያው በጩኸት ሲያንኳኳ እኔ አለቅስ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው ምራቁን ይውጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። የእሳቸው ግን እስከ ዛሬ ካነሳኋቸው ምስሎች ሁሉ የጠራው ነበር።