አክስቴና የብርሃን ክሯ

አክስቴ ቤት መነጽር አድርጎ የገባ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ መነጽሩን ይነጠቃል። ከቦርሳዋ ለስላሳ ጨርቅ አውጥታ ትወለውለዋለች፤ ወደ መስኮቱ ታነሣና አንድ ዓይኗን ጨፍና ታየዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው "እንዴት ነህ ልጄ?" የምትለው። ባሏ "እኔን ያገባችኝ መነጽር ስለሌለኝ ነው፤ በቤትም ሥራ እንዳይበዛባት" ይላል።

እንዲህ ያደረጋት ሥራዋ ነው። በሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሳንባ በሚመረመርበት ክፍል ነርስ ናት። መጀመሪያ የተቀጠረችው የሕክምና ዕቃ አጣቢ ሆና ነበር። ሐኪሙ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ በበሽተኛው አፍ ወደ ሳንባው ያወርዳል፤ እሷ በቱቦው ውስጥ ከስፌት ክር ብዙም የማይወፍር የብርሃን ክር ታሳልፋለች። ክሩ የነካውን ቦታ ስክሪኑ አጉልቶ ያሳያል። ጤነኛ ሳንባ እንደ ማር ሰፈፍ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ያን ሥዕል መጀመሪያ ያሳየችኝ ቀን፣ ሰው ይህን ደረቱ ውስጥ ተሸክሞ ነው እንዴ ታክሲ የሚጋፋው ብዬ ተደነቅሁ። እጢ ያለበት ቦታ ግን ቀዳዳው ተደፍኖ ግራጫ ይሆናል። ግራጫው ሲገኝ መርፌ ገብቶ ቅንጣት ሥጋ ለምርመራ ይወሰዳል።

አንድ ጠዋት ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር መጣ። ሲቲ ስካኑ በቀኝ ሳንባው ዳር የአተር ፍሬ የምታህል እጢ አሳይቷል። ክፉ ትሁን ደግ አልታወቀም። መርፌው አተሯን ስቶ ከጎኗ ካለው ጤነኛ ሥጋ ቢወስድ ወረቀቱ "ምንም የለም" ብሎ ይመጣል፤ ሰውየውም ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል፤ አተሯ ግን ውስጡ ተቀምጣ ታድጋለች።

"ጋሼ፣ ፈሩ እንዴ?" አለችው አክስቴ፣ ጉሮሮውን ማደንዘዣ ልትረጭ ስትል።

"እናንተ መብራት ይዛችሁ ነው የምትገቡት፤ እኔ ሠላሳ ዓመት በጉም ውስጥ ነድቻለሁ። መንገድ ከጠፋችሁ ጠይቁኝ።"

ቱቦው ገባ፣ ክሩ ተከተለ። ወዲያው ስክሪኑ ግራጫ ሆነ።

"ደረስን!" አለ ወጣቱ ሐኪም። "መርፌ!"

አክስቴ መርፌውን አላቀበለችም። ስክሪኑን ትታ የሰውየውን ደረት ታያለች። ደረቱ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ግራጫው ግን ንቅንቅ አላለም።

"ዶክተርዬ፣ ቆይ እስቲ። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ሥዕሉ አይተነፍስም።"

"እትዬ፣ ከሲቲ ስካኑ የተሠራው ካርታ እዚሁ ነው ይላል እኮ።"

"ካርታው ይበል። የሳንባ ቢሆን ከሳንባው ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። ይሄ ክሩ ላይ ያለ የእኛ ቆሻሻ ነው።" ድምጿን ሳትቀንስ ጨመረች፦ "የእኛም አይደለም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለስላሳው ጨርቅ ቢያልቅብኝ በፋሻ ጠረግሁት።"

ሃያ ሁለት ዓመት ሰውን ሁሉ "ያለ ለስላሳ ጨርቅ አትጥረጉ" እያለች ስትቆጣ የኖረች ሴት! አሁን በክፍሉ ያለችው ዕቃ አጣቢ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ክሩ ሲወጣ ጫፉ ላይ የፋሻ ብናኝ ተለጥፎ ተገኘ። አዲስ ለስላሳ ጨርቅ አስመጥታ ጠርጋ መለሰችው። አሁን በዚያው ቦታ የማር ሰፈፉ ታየ፤ ከደረቱ ጋር ይሰፋል፣ ይጠባል። አተሯ እዚያ አልነበረችም! ሐኪሙ ላቡን ጠርጎ ቱቦውን ወደ ጎረቤቱ ቅርንጫፍ አዞረ። እዚያ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ተደፈኑ፤ ግራጫው መጣ፤ ግራጫውም ተነፈሰ።

"አሁን" አለች መርፌውን እያቀበለች።

ውጤቱ ክፉ ነበር፣ ካንሰር፤ ግን ገና ከቦታዋ ያልተነቃነቀች ክፉ። በቀዶ ጥገና ወጣች። ከሦስት ወር በኋላ ሾፌሩ ለክትትል ሲመጣ ሊፍቱን ትቶ በደረጃ ወጣ፤ በየፎቁ እየቆመ፣ ግን ወጣ።

"እህቴ፣ ያን ቀን በሰመመን ውስጥ ሆኜ ሰምቼሻለሁ" አላት ኮሪደሩ ላይ።

"ምን ሰሙ?"

"'ጥፋቱ የእኔ ነው' ስትዪ። ሠላሳ ዓመት ስነዳ እንዲህ የሚል ሾፌር አንድም አላጋጠመኝም።"

"ይልቅ ያን ሁሉ ደረጃ በእግር መውጣትዎ የማን ጥፋት ነው?" አለችው ወንበር እየሳበችለት።

"የእኔ" አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ እየሳቀ።