መውረዴን የምትመሰክር ካሜራ

እኛ አገር በቅሎ የተቀመጠ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ይወርዳል። ሽማግሎች ተቀምጠው ካየም ይወርዳል። ልጓሙን ይዞ፣ እጅ ነሥቶ፣ ካለፋቸው በኋላ ነው ተመልሶ የሚወጣው። ሳይክልም እንደ በቅሎ ናት። ይህን ማንም ጽፎ አልለጠፈውም፤ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ አባቴ ሳይክል ሲገዛልኝ ግን መጀመሪያ ያስተማረኝ መንዳቱን ሳይሆን መውረዱን ነው። መንዳቱን ራሴ ወድቄ ተነሥቼ ተማርኩት።

ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት አጠገብ ነው። ትምህርት ቤቴ ፍኖተ ሰላም ነው። ጠዋት እሄዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። ሰፈራችን ልደርስ ስል ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ ከበሩ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ዋርካ፣ ከዋርካው ሥር ደግሞ ሽማግሎች። እዚያ ስደርስ እወርዳለሁ። ቢዘንብም፣ ቢርበኝም፣ የቤት ሥራ ቢቆለልብኝም እወርዳለሁ።

አሥረኛ ክፍል በገባሁ በጥቅምት ነው። አባቴ ከእርሻ ተመልሶ እግሩን እየታጠበ ቀና እንኳ ሳይል፣

"አንቺ ልጅ፣ ከሳይክል አትወርጂም አሉ" አለኝ።

"የት ነው የማልወርደው አባባ?"

"ደብሩ ደጃፍ። ሽማግሎቹ ፊት።"

"ማን አለዎት?"

"ሰው።"

"ሰው ማለት ማን?"

"ሰው አልኩሽ እኮ። ሁለተኛ ከሰማሁ ሳይክሏ ገበያ ትወጣለች።"

አባቴ ቀልደኛ ነው፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም። ሳይክሏ ገበያ ወጣች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም። በእግር ሄጄ አንደኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አልደርስም። ከተማ ቤት ተከራይቶ ማደርን ደግሞ እማ ስሙን መስማት አትፈልግም። ስለዚህ ሳይክሏ ስትሸጥ ትምህርቱም አብሮ መሸጡ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉንም ሰው ጠረጠርኩ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የክርስትና አባቴን ነው። ከዋርካው ሥር ከማይጠፉት አንዱ እሳቸው ናቸው፤ ከአባቴ ጋርም ጨዋታ የሚያበዙት እሳቸው ናቸው። ስወርድ እያዩ አልወረደችም ሊሉ እንደማይችሉ ባውቅም፣ ፊታቸውን ሰርቄ ባየሁ ቁጥር የሆነ ነገር የደበቁ መሰለኝ። ቀጥሎ መንገድ ዳር የበቆሎ እሸት የምትጠብሰውን ሴትዮ ጠረጠርኩ። አንድ ቀን "እሸት ውሰጂ" ስትለኝ ቸኩዬ ስላለፍኳት ቂም ይዛ ይሆናል። "እንዴት ዋልሽ የኔ ልጅ?" ስትለኝ እንኳ ድምፅዋ ውስጥ ነገር ያለበት መሰለኝ። የተናገርኩት ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ክፍል ውስጥ አብራኝ ለምትቀመጠው ጓደኛዬ። የአንድ ለአምስት ቡድናችን መሪ እሷ ናት፤ መሪ ስለሆነች ለሁሉ ነገር መፍትሔ ማግኘት ግዴታዋ ይመስላታል።

"ማስረጃ ነው የሚያስፈልግሽ" አለችኝ። "ፈረንጆች ሳይክል ሲነዱ ካሜራ አስረው አይደል እንዴ? ቴሌቪዥን ላይ አላየሽም?"

"እነሱ ሀብታሞች ናቸው።"

"ርካሽም አለ።"

"ርካሽ ከሆነ ውሸት ነው።"

"ኤጭ! አንቺ ደግሞ ገና ሳታዪው!"

እማ የኔ የተባለውን ጠቦት ሸጣ ብሩን በእጄ አስጨበጠችኝ። ለምን እንደሆነ ነግሬያታለሁ፤ "አባትሽ ያላየውን አያወራም፤ ያየ እንደሆነም አያወራም" አለችኝ። ያኔ አልገባኝም።

መጀመሪያ የሄድነው ፍኖተ ሰላም ካለ አንድ ፎቶ ቤት ነው። ባለቤቱ የሚሸጠው ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ ነበረው። ከኋላው ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ተሰቅሏል። ካሜራውን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ አመጣው።

"ስንት ሠርግ ያነሣሁበት መሰላችሁ" አለን።

"ታዲያ ለምን ይሸጡታል?" አልኩት።

"ሌላ ስለገዛሁ።"

"ይሄ ደህና ከሆነ ሌላ ለምን ገዙ?"

ጓደኛዬ ክርኔን ጎነጠችኝ። ሰውዬው ሳቀና "እህቴ፣ ፖሊስ ነሽ?" አለኝ። ቪዲዮ አስነሣሁት። ካሜራው መጋረጃውን ትንሽ ካየ በኋላ "ጢጥ" ብሎ ጠፋ። "ባትሪው ነው" አለ። ባትሪ ቀየረለት፤ አሁንም ጠፋ። "ሙቀቱ ነው" አለ። እኛ የቆምነው ቀዝቃዛ ጥላ ውስጥ ነበር። አመስግነን ወጣን።

ሁለተኛው ሙከራ የጓደኛዬ ወንድም ባለ ሁለት ሲም የቻይና ሞባይል ነበር። "ለእናንተ ብዬ በቅናሽ እሸጥላችኋለሁ" ስላለ ወዲያው ጠረጠርኩት፤ ወንድሟ ለማንም ምንም በቅናሽ ሰጥቶ አያውቅም። አሮጌ ካላማዳሪያ፣ የጎማ ውስጡን ላስቲክ፣ ቀደን ሞባይሉን መሪው ላይ ጥፍር አድርገን አሰርነውና ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ዞርኩ። ቪዲዮውን ስናየው ዛፉም፣ ጥበቃውም፣ ባንዲራውም እየተንቀጠቀጡ ነው። "እንዴ፣ ጥበቃውን ወባ ይዞታል" ብላ ጓደኛዬ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። በዚህ ቪዲዮ ወረደች ወይም አልወረደች ብሎ የሚፈርድ ሰው የለም።

ሦስተኛውን ያገኘሁት ቡሬ ነው። በገበያ ቀን ከእማ ጋር በርበሬ ይዘን ሄድን። በርበሬው ከተሸጠ በኋላ እማን እየጎተትኩ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ገባሁ። ካሜራዋ ጥቁር ናት፣ የክብሪት ቀፎ ታህላለች፤ ከጀርባዋ ትንሽ መስታወት አላት፤ ቪዲዮውን እዚያው ታሳያለች።

"ከዱባይ ነው የመጣችው፤ ኦሪጅናል ናት" አለ ባለ ሱቁ።

"ዋስትና አላት?"

"ዋስትናዋ እኔ ነኝ።"

"አንተ ሁልጊዜ እዚህ ነህ?"

እማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። "ልጄ፣ እየገዛሽ ነው ወይስ እየዳኘሽ?"

ሳልሞክራት አልገዛም አልኩ፤ ሳይክሌ ግን ቤት ቀርታለች። ባለ ሱቁ በር ላይ የቆመውን ባጃጅ ጠራው። ካሜራዋን ከባጃጁ የፊት መስታወት ሥር አሰርናት፤ እኔና እማ ከኋላ ተቀመጥን፤ ኮብልስቶኑን ዞረን ተመለስን። ሾፌሩ ከእኔ በላይ ተደስቶ "እኔም ወጥቻለሁ?" እያለ አንገቱን አስገባ። አልወጣም፤ የወጣው መንገዱ ነው። ግን ጥርት ብሎ፣ ሳይንቀጠቀጥ ወጥቷል።

ጓደኛዬ ሌላም ነገር መክራኝ ነበር፤ ሚሞሪ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው አይገናኝም ብላኛለች። "እስቲ ሙላልኝ" አልኩት ባለ ሱቁን። ከኮምፒዩተሩ ዘፈንና ድራማ ይጭን ጀመር። ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ሚሞሪዋ ሞላሁ አለች። ባለ ሱቁ ጆሮው ቀላ። መሳቢያውን ከፍቶ ሌላ ሚሞሪ አወጣ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ! ፈተና ላይ ማንም ያልመለሰውን ጥያቄ ብቻዬን የመለስኩ ነው የመሰለኝ።

በማግሥቱ ካሜራዋን መሪው ላይ በካላማዳሪያ አሰርኳት። ከትምህርት ቤት ስወጣ አበራኋት። ወቅቱ በርበሬ የሚሰጣበት ስለነበር የአስፋልቱ ዳር ሁሉ ቀይ ነው፤ እኔም በርበሬውን ላለመርገጥ ወደ መሐል ወጣ ብዬ ነው የምነዳው። ዋርካው ጋ ስደርስ ወረድኩ። "እንዴት ዋላችሁ?" አልኩ። ሽማግሎቹም መለሱልኝ። የክርስትና አባቴ ካሜራዋን አይተው ዓይናቸውን አጠበቡ።

"ይህች ጥቁር ነገር ምንድን ናት?"

"ካሜራ ናት አባቴ።"

"መሬት ትለካለች እንዴ?"

በዚያ ሰሞን መሬት የሚለኩ ሰዎች ትንሽ መሣሪያ ይዘው ስለሚዞሩ፣ ትንሽና ጥቁር ነገር ሁሉ ይጠረጠር ነበር።

"ኧረ አትለካም። መንገዱን ነው የምታየው።"

"መንገዱ ምን ሆነ?" አሉና አጠገባቸው ወዳሉት ሰው ዞሩ። እሳቸው እኔን ጠርጥረው፣ እኔ እሳቸውን ጠርጥሬ ተለያየን።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። "አባባ፣ ማስረጃ አለኝ" አልኩት። የካሜራዋ መስታወት በፀሐይ ስለማይታይ ጋቢውን ራሳችን ላይ አልብሶን ሁለታችንም ከውስጡ ገባን። ቪዲዮውን አሳልፌ ዋርካው ጋ አደረስኩት። መንገዱ ቀስ አለ፤ የቤተ ክርስቲያኑ በር መጣ፤ ሁሉም ነገር ቆመ።

"አንቺ የታለሽ?" አለ አባቴ።

ክው አልኩ። ካሜራዋ የታሰረችው መሪው ላይ ነው፤ ፊቷም ወደ ፊት ነው። መንገዱ አለ፣ ዋርካው አለ፣ ሽማግሎቹ አሉ፤ እኔ ግን የለሁም። ወርጄ ልቁም፣ ተቀምጬ ልቁም ማን ያውቃል? ፎቶ ቤቱን፣ ሞባይሉን፣ ሚሞሪውን፣ የዱባዩን ነጋዴ ሁሉ ጠርጥሬ ይህን አላሰብኩም። የባጃጁ ሾፌር ራሱ "እኔም ወጥቻለሁ?" ብሎኝ ነበር እኮ!

ከዚያ ድምፁ መጣ። "እንዴት ዋላችሁ?" የኔ ድምፅ ነው። ቀጥሎ የክርስትና አባቴ ከመቀመጫቸው ብድግ ሲሉ ታዩ። "ኖር!" አሉ። "ኧረ በእግዜር!" አልኩ እኔ።

"ሰሙ አባባ?" ብዬ ጮህኩ። "ሳይክል ላይ ለተቀመጠ ሰው ብድግ ብሎ ኖር ይባላል?"

"አይባልም" አለ አባቴ።

በቃ። ይህን ብቻ። አልተደሰተም፤ አልገረመውም። እንዲያውም የሚያውቀውን ነገር የነገርኩት ነው የመሰለው። አሁን ደግሞ እሱን ጠረጠርኩት።

"ከመጀመሪያው አሳዪኝ" አለኝ።

ከመጀመሪያው ከፈትኩለት። የፍኖተ ሰላም ባጃጆች፣ ዳገቱ፣ ባሕር ዛፉ፣ ቀዩ በርበሬ። ከኋላ ጥሩምባ ተሰማ። አይሱዙ መኪና ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ ይዞ በጎኔ አለፈ፤ ምስሉ ተናጠ፤ መሪው ወደ በርበሬው ተጠመዘዘ። የአባቴ ጉልበት ጉልበቴን መታኝ።

"መልሺው።"

መለስኩት።

"እንደገና።"

ጋቢው ውስጥ ትንፋሹ ሲፈጥን ይሰማኛል።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"በርበሬ ሲሰጣ ብቻ ነው" አልኩ፤ በገዛ ምስክሬ ሳይክሌን አስሸጥኳት ብዬ እየፈራሁ።

"ያን ቀንም እንዲህ ነበር" አለ።

"የትኛውን ቀን?"

"በጥቅምት። በሬዎቹን ይዤ ከአስፋልቱ ማዶ ነበርኩ። አንቺ አላየሽኝም።"

"አትወርድም ያለዎት ሰውስ?"

"ማንም አላለኝም፤ ሳይክሏን ለመሸጥ ሰበብ ፈልጌ ነው።"

"ታዲያ ለምን መኪናውን አይነግሩኝም?"

"መኪና አለና ተዪ ብልሽ ትተዪ ነበር?"

"አልተውም።"

"እኮ!" አለና ጋቢውን ከራሳችን ላይ ገፈፈው። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። ሳይክሏ ትሸጥ አትሸጥ ሳይነግረኝ ተነሥቶ ወደ ክርስትና አባቴ ቤት ሄደ። እኔም ያን ሁሉ ቀን በነገር ያየኋቸውን ሽማግሌና የእሸቷን ሴትዮ በልቤ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ሁለቱ ምን እንደሚመክሩ ግን አሁንም እየጠረጠርኩ ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሳይክሏን ስገፋ ማንም አልከለከለኝም። አስፋልቱ ጋ ልደርስ ስል ከባሕር ዛፉ ጀርባ የዶማ ድምፅ ሰማሁ። በእርሻው ድንበር በኩል ከአስፋልቱ ርቆ ወደ ከተማ የሚሄድ የእግር መንገድ ነበር፤ ድንጋይና ጉቶ ስለሞላበት ለሳይክል አይሆንም። አባቴ ጉቶ ይነቅላል፤ የክርስትና አባቴ ድንጋይ ያነሣሉ፤ መንገዱ የሚያልፈው በእሳቸው መሬት ዳር ነውና።

"ያች ጥቁር ነገር ግን በርግጥ አትለካም?" አሉኝ ከሩቅ።

"አትለካም አባቴ!"

"በዚህ በኩል ሂጂ" አለ አባቴ ላቡን እየጠረገ። "እኛ ሥራ ላይ ነን። አትውረጂ፣ ይረፍድብሻል፣ እለፊ!"

አጠገባቸው ስደርስ ወረድኩ። ማን ምን እንደሚያወራ አይታወቅም።